ፍሬው እስኪበስል

ዓርብ፣ ከዝናቡ ወዲህ 19ኛ ቀን

ይህ ደብተር ለዕፅዋት ነው። ሌላ ነገር አይጻፍበትም።

ዛሬ በረሃ ወርጄ አርባ አንዱንም ቆጠርኩ። ሠላሳ ስድስቱ ቅጠል አውጥተዋል፣ አምስቱ አልተነሡም። ዘጠኙ እንቡጥ ይዘዋል። ከስድስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው እንቡጥ ነው።

ሰዉ የአሸዋ ካሮት ይለዋል። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፣ ወገኑም እሱው ነው፤ ቀለሙ ግን አመድማ፣ ቁመቱም ከስንዝር የማያልፍ። ዝናብ ሲጠፋ ቅጠሉን ጥሎ ከአሸዋው በታች በሥሩ ይተኛል። ሁለት ዓመትም፣ አራት ዓመትም ይተኛል። አላዋቂ ሞተ ይለዋል።

የዛሬ ስድስት ዓመት አበባውን አድርቄ ከተማ ላለው የዕፅዋት መዝገብ ቤት ልኬ ነበር። ስም የሌለው ዓይነት ነው ብዬ ነው የላክሁት። መልሳቸው አራት መስመር ነበር፦ «የዚህ ወገን ዕፅዋት የሚለዩት በበሰለ ፍሬ ነው። የላኩት ናሙና ፍሬ የለውም። ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን።» ትጋትዎ! ሠላሳ ዓመት የውኃ ፓምፕ ያንቀሳቀሰ፣ ያለ መምህር ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ያለው ትጋት ብቻ ነው ማለታቸው ነው። ዘንድሮ ፍሬ ያያሉ።

የባለቤቴ የቀኝ እግር አውራ ጣት ጠቁሯል። የበረንዳው ደፍ ላይ ተደናቅፋ ነው። ይህ የዕፅዋት ጉዳይ አይደለም።

ሰኞ፣ 22ኛ ቀን

ልጄ ሳትጠይቀኝ የጤና ጣቢያዋን ነርስ ይዛ መጣች። ልጄ አስተማሪ ናት፣ ከእኛው ጋር ትኖራለች። ማዘዝ የለመደችው ከዚያ ከትምህርት ቤቷ ነው።

ነርሷ ጣቱን አየችና «አባት፣ ስኳር ያለበት ሰው እግር ቀልድ አያውቅም» አለችኝ። ከጣቱ ሥር በብዕር መስመር አሰመረች። «ጥቁሩ ይቺን ካለፈ ነገ ዛሬ ሳይሉ ከተማ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። እስከዚያው በየሁለት ቀኑ ብቅ እያልኩ ቁስሉን አይላቸዋለሁ።»

አያስፈልግም አልኳት። መጠቅለልም እችላለሁ፣ መለካትም እችላለሁ። የፓምፕ ዕቃ የምለካበትን ካሊፐሬን አውጥቼ አሳየኋት።

«ይኼ የብረት ሠራተኛ ዕቃ አይደል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«ሚሊሜትር ለብረትም ለሥጋም አንድ ነው» አልኳት።

ከጥፍሩ ጫፍ እስከ ጥቁሩ ዳር 21 ሚሊሜትር። መስመሩ ያለው 34 ላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ እመዘግበዋለሁ። ሌላ ወረቀት እንዳላባክን ከአበቦቹ ልክ ጎን ባለው ዓምድ ላይ ይሁን።

ማክሰኞ። 21።

ረቡዕ። 21። ንፋስ ከምሥራቅ።

ሐሙስ። 21።

ዓርብ፣ 26ኛ ቀን

ፈነዳ። ቁጥር 7 ቀደመ፣ ከቀትር በፊት። በኋላ 18።

ቢጫ ነው፣ የአሮጌ ወረቀት ቢጫ። ጥቃቅን አበቦች እያንዳንዳቸው በቀጭን ዘንግ ላይ ቆመው አንድ ላይ ጃንጥላ ይሠራሉ። ጃንጥላው ከአሸዋው ሁለት ጣት ከፍ ቢል ነው። ተንበርክኬ አየሁት፤ ጉልበቴ ሲብስብኝ በሆዴ ተኝቼ አየሁት። ጉንዳን መጣ፣ ዝንብ መጣ፣ ንብ አልመጣም። አንዲት ጥንዚዛ እንቡጡን ስትበላ አግኝቼ በጥፍሬ ገደልኳት።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ በረንዳው ላይ እግሯን በርጩማ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ካሮቶችህ ደህና ዋሉ?»

«ሰባተኛው ፈነዳ።»

«ኧረ! ምን ምን ይሸታል?»

«ምንም አይሸትም።»

«ስድስት ዓመት ተጠብቆ ምንም የማይሸት? እንደ አንተው ነዋ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አበባ ለሰው አፍንጫ አልተፈጠረም።

ፋሻውን ስቀይርላት ያምምሻል ወይ አልኳት። ምንም አይሰማኝም አለች። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። 21።

ረቡዕ፣ 31ኛ ቀን

ልጄ ገበታ ላይ ጀመረችኝ።

«አባዬ፣ እማዬን ከተማ እንውሰዳት። ፒክአፑ ደጅ ቆሟል።»

«መስመሩን አላለፈም።»

«መስመር፣ መስመር! ሰው ናት እኮ፣ የድንበር ጉዳይ አደረግካት?»

«ያሰመረችው ያንቺው ነርስ ናት።»

«እሺ፣ ሁለት ቀን ብቻ። አድርሰሃት ትመለሳለህ። አበባህ የትም አይሄድብህ።»

አበባው ይሄዳል። በሳምንት ይረግፋል፣ ከዚያ ፍሬ ይይዛል፣ ፍሬው ሲበስል ደግሞ ክንፍ ስላለው በአንድ ቀን ንፋስ ይጠርገዋል። ቀኑ የሚታወቀው በየዕለቱ በማየት ብቻ ነው። ይህን ለአስተማሪ ማስረዳት ነበረብኝ። ሆስፒታል የገባ ሰው ደግሞ በሁለት ቀን አይወጣም። ቆዩ፣ ደም ስጡ፣ ፈርሙ ይላሉ።

ባለቤቴ ጣልቃ ገባች። «ተዪው ልጄ። ስድስት ዓመት ጠብቀነዋል፣ አንድ ወር ምን አላት። ፍሬህን ልቀም አንተ ሰውዬ። እኔ እጠብቃለሁ።» ይህን ስትል ዐይን ዐይኔን ታየኝ ነበር።

ያለችውን እንዳለ ጽፌዋለሁ፣ ቀኑንም ጭምር። ኋላ አላልኩም እንዳይባል።

ዓርብ፣ 33ኛ ቀን

አበባው መርገፍ ጀመረ። 21።

ሰኞ፣ 36ኛ ቀን

ልጅቷ ቤቱ ይሸታል ትላለች። ቅባቱ ነው። ለባለቤቴ መስኮት ከፈትኩላት፣ ሌላ ምን ይደረግ።

ከዘጠኙ ፍሬ የያዙት ሦስት ብቻ ናቸው፦ 7፣ 18 እና 30። የቀሩት አበባቸው ወንዴ ብቻ ነበረ። የዚህ ወገን ጠባይ ነው፣ ብዙ ያብባል ጥቂት ያፈራል። ተናድጄ አንዱን በእግሬ ልረግጠው ነበር። አልረገጥኩም።

ረቡዕ፣ 38ኛ ቀን

ፍሬው 2 ሚሊሜትር፣ ጣቱ 21።

ባለቤቴ ስኳሩን በድብቅ በሻይዋ ስትጨምር አገኘኋት። ማንኪያውን ከእጇ ነጠቅኩ። በገዛ እጅሽ ነው የምትታመሚው አልኳት። «በምን ልደሰት ታዲያ?» አለች። መልስ የሚገባው ጥያቄ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ግን ጥያቄው በጆሮዬ ነበር።

እሑድ፣ 42ኛ ቀን

ሌሊቱን ዐውሎ ነበር። ገና ሳይነጋ ሄድኩ። ቁጥር 30 ከአንገቱ ተቀንጥሷል። ፍሬዎቹን በእጄ ሰበሰብኩ፣ ሁሉም እንጭጭ ናቸው፣ አይረቡም። 7 እና 18 ተርፈዋል። በዙሪያቸው ድንጋይ ካብኩላቸው፣ በኮቴም ከለልኳቸው። ባለቤቴ ኮትህን የት ጣልከው ብላ ስትጠይቀኝ እንደበረዳት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በፀሐይ ላይ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች።

ሰኞ፣ 43ኛ ቀን

ትኩሳት። ክኒን ሰጠኋት። ለቀቃት።

ማታ ከእሷ ጋር ብቻችንን ነበርን። ለማጽናናት ብዬ የአሸዋ ካሮት ሥሩ እስካለ ቅጠሉ ቢጠፋም ግድ የለውም፣ አንድ ጣት ለሰውም እንዲያው ነው አልኳት። አየችኝና፦

«እኔ ካሮት አይደለሁም» አለች።

«ለምሳሌ ነው።»

«አውቃለሁ። አርባ ዓመት ከዕቃ ጋር ስታመሳስለኝ ነው የኖርከው። አንዴ ፓምፕ ነሽ አልከኝ፣ ዘይት ካላገኘሽ አትሠሪም ብለህ። ሴት ነሽ ያልከኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።»

ትኩሳቱ ነው የሚያናግራት። 21።

ዓርብ፣ 47ኛ ቀን

ልጅቷ የጨው መኪና ሹፌሩን ቤቴ ድረስ አመጣችው። ሰዉ ጡሩምባ ይለዋል፤ ሲገባም ሲወጣም መንደሩን በጡሩምባው ስለሚያደነቁር። ሁለቱ በስተጀርባዬ ተስማምተው ኖሯል።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ባዶ ቦታ አለኝ፣ እናታችንን ላድርስልህ» አለ።

«ጨውህን ጫን።»

«ጨው ችግር የለውም ጋሼ። ጨው ቢቆይም አይበላሽም።» ወደ ውስጠኛው ክፍል ተመለከተ፣ አፍንጫውንም በእጅጌው ሸፈን አደረገ። «ሰው ግን ይበላሻል።»

«የጨው ሹፌር ሐኪም የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ሳቀ፣ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ወጣ። ከዚያ በኋላ የፒክአፑን ቁልፍ በክር አስሬ አንገቴ ላይ አደረግሁት። ልጄ መንዳት አትችልም፤ ቢሆንም።

ለባለቤቴ ትሄጃለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ደጋግሜ መጠየቄ ይመዝገብልኝ። «ካልወሰድከኝ አልሄድም» አለች። እንግዲህ የራሷ ውሳኔ ነው።

ፍሬው 4.4። 21።

ሰኞ፣ 50ኛ ቀን

መጥፎ ቀን። ጠዋት ልጄ ወደ ትምህርት ቤት ሳትሄድ ቀረች። በር ላይ ቆማ አላሳልፍህም አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖሽ የራስሽ ደጅ የለሽ፣ የእኔን ደጅ ትዘጊያለሽ አልኳት። ሌላም ብያታለሁ። የሚያገባሽ ያጣሽው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ ብያታለሁ። ከበሩ ዞር አለች።

ይህን ማለት አልነበረብኝም ብዬ እዚህ ብጽፈው ማንም አያነበውም፣ ስለዚህ አይጠቅማትም። ለእሷ ደግሞ አልነግራትም።

ፍሬው 5.2። ጎድን ጎድኑ ይታያል። ሁለቱ ክንፎቹ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ከፍሬው ገላ ይሰፋሉ። ባሉኝ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ክንፍ የለም። የለም!

ማክሰኞ። ፍሬው 5.4። ጣቱ 21።

ሐሙስ። 5.9። 21። ለብዙ ሰዓት ትተኛለች።

ዓርብ፣ 54ኛ ቀን

ብዙ ስለሆነ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ከበረሃው ቀደም ብዬ ተመለስኩ። ነርሷ ቤት ውስጥ ነበረች። ፋሻው ተፈትቶ መሬት ላይ ወድቋል። ልጄ መስኮቱን ከፍታ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራለች። ነርሷ የባለቤቴን እግር በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ቀና አደረገችው።

በሠላሳ ሦስት ቀን ውስጥ እኔ አንድም ጊዜ ቀና አላደረግሁትም። በርጩማ ላይ እንዳለ ነበር የማየው።

ውስጥ እግሯ ከጣቶቿ ሥር እስከ ተረከዟ ጥቁር ነው። መካከሉ ላይ ቆዳ የለም።

«አባት፣ ከሥሩ አላዩትም?»

«የምለካው ከላይ ነው።»

«ለምን?»

«መስመሩን ያሰመርሽው ከላይ ነው።»

ደብተሩን ሰጠኋት። ዓምዱን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ 21፣ 21፣ 21። አንድም ቀን አልተዘለለም። ሥራ የሚያውቅ ሰው አይቶ ያደንቃል ብዬ ነበር።

«ልኩ ትክክል ነው» አለች። «ጣቱ ከሞተ ቆይቷል። የሞተ ነገር ወዴት ይሄዳል? በሽታው የሄደው በታች ነው።»

«አላመማትም እኮ። በየቀኑ እጠይቃት ነበር።»

«ስኳሩ ነርቩን ገድሎታል። የሚያም ቢሆን ኖሮ ይሻላቸው ነበር።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች፣ ከእኔ ጋር የጨረሰች ይመስል። «ዛሬውኑ። ካልሆነ ነገ ንጋት። እግር ለማዳን አይደለም እንግዲህ፣ እሳቸውን ለማዳን ነው።»

ልጄ እጇን ዘረጋችልኝ። «ቁልፉን። የሚነዳ ሰው አገኛለሁ።»

ጡሩምባ ነገ ንጋት ይነሣል፣ የእሱ መኪና ይሻላል አልኳት። ጎማው አዲስ ነው፣ ጋቢናውም ሰፊ ነው። ፒክአፑ ለበረሃው ያስፈልገኛል፣ በእግር አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ሁሉ በተራ አስረዳኋት። ነርሷ እየሰማች ዕቃዋን ትሰበስብ ነበር። ስትወጣ ደህና ይዋሉ አላለችኝም።

ቅጠል ሲመዘገብ ሁለቱም ገጹ ይታያል፣ የፊቱም የጀርባውም። ከመጽሐፍ የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ፍሬው 6.1። ክንፉ ጫፉ ላይ ቡናማ ጀምሯል። አራት ቀን፣ ቢበዛ አምስት።

ቅዳሜ፣ 55ኛ ቀን

ሄዱ።

ጡሩምባ አቅፎ ጋቢና አስገባት። ለአንድ ጊዜ እንኳ ጡሩምባውን አልነፋም። ልጄ አጠገቧ ገባች፣ ወደ እኔ አላየችም። እኔ ከመኪናው በር ሥር ቆሜ ነበር። ባለቤቴ በመስኮቱ ቁልቁል አየችኝ። ፊቷ ግራጫ ነው፣ ዐይኗ ግን የራሷ ነው።

«ያን ቀን ‹ስድስት ዓመት ጠብቀነዋል› ያልኩህ» አለች፣ «‹አይ፣ ተነሺ እንሂድ› እንድትለኝ ነበር።»

«ያልሽውን ነው የጻፍሁት» አልኳት።

«እሱማ» አለች።

መኪናው ሄደ። በረንዳውን ጠረግሁ። ፋሻውን አቃጠልኩ። ከዚያ ወደ በረሃው።

እሑድ። 6.2። ለጣቱ ባለው ዓምድ ላይ እጄ ከልማድ 21 ብሎ ሊጽፍ ነበር።

ሰኞ። ነፋሻ። ከ7 ላይ ሁለት ፍሬ ረገፈ፣ ገና ነበር። አጠገቡ ተኝቼ አደርኩ።

ማክሰኞ፣ 58ኛ ቀን

በረሃው ላይ ስልክ አይሠራም። ቤት ስገባ ከልጄ የመጡ አሥራ አንድ ጥሪዎች አገኘሁ፤ የመጀመሪያው ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ የመጨረሻው በስድስት ተኩል። መልሼ ደወልኩ። አታነሣም። እንደገና። አታነሣም።

ብትሞት ኖሮ መልእክት ይልኩብኝ ነበር። ሰው ይልኩብኝ ነበር። ይህን ደጋግሜ ለራሴ ነገርኩት።

ረቡዕ፣ 59ኛ ቀን

በሰለ። በንጋት፣ ጤዛ ሳይኖር። ሲነካ ለሁለት ተከፍሎ በቀጭን ክር ላይ ይንጠለጠላል። ከ18 ዘጠኝ፣ ከ7 አምስት። አሥራ አራት ሙሉ ፍሬ።

ቤት ስመለስ ልጄ ስልኩን አነሣች።

«ከጉልበቷ በላይ ተቆርጧል» አለች።

«ከጉልበት በላይ ለምን?»

«በታች ቆርጠው አልበቃም። ትናንት እንደገና ገቡ። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩልህ። የባል ፊርማ ይፈልጉ ነበር፣ እሷ ራሷን አታውቅም ነበር።»

«ታዲያ ማን ፈረመ?»

«እኔ።»

«ወረቀቱ የባል ቦታ ካለው ባዶ አይተውም። ምን ብለሽ ሞላሽው?»

ከኋላዋ የጋሪ ጎማ ይሰማል፣ ሰው ይጣራል።

«እናቴ እግሯን አጥታ የምትጠይቀኝ ስለ ወረቀት ነው?» ብላ ዘጋችው።

ዓርብ፣ 61ኛ ቀን። ከተማ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ንጋት ተነሥቼ በስድስት ሰዓት ደረስኩ። መዝገብ ቤቱ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው፣ ሆስፒታል ግን አይዘጋም። ስለዚህ መዝገብ ቤቱን አስቀደምኩ። ለምሳ ወጥተው ኖሮ እስከ ሰባት ተኩል ደረጃው ላይ ጠበቅኋቸው።

የተቀበለችኝ ወጣት ሴት ናት። ፍሬውን በመነጽሯ አይታ «ንጹሕ ናሙና ነው» አለች። ቁጥር ሰጠችኝ። መልሱ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሌላ ነገር ትለኛለች ብዬ ትንሽ ቆምኩ። ሌላ ነገር አልነበራትም።

ሆስፒታል ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። የጠያቂ ሰዓት ከስድስት እስከ ስምንት ነው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ወፍራም ሰው ነው፣ ፊቱ ሳቂታ። የባለቤቴን ስም ነገርኩት፣ ባሏ ነኝ አልኩት። መዝገቡን ገልብጦ ፈለገ።

«አባት፣ እዚህ ‹ባል፦ በሕይወት የለም› ይላል።»

«ስሕተት ነው። ሞቼ ቢሆን እዚህ እቆም ነበር?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። እኔ የማውቀው መዝገቡን ነው።»

ሰውዬው ልክ ነው፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላስገባም። ግን ገብቶ ታማሚዋን ራሷን እንዲጠይቅ ነገርኩት። አዘነልኝ መሰለኝ፣ ገባ። ቆይቶ ወጣ። ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ።

«ደህና ናቸው። ትኩሳታቸው ወርዷል፣ ምግብም ቀምሰዋል።»

«ነገርካት?»

«ነገርኳቸው። ‹መልኩ ምን ይመስላል?› አሉኝ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጉልበቱ ላይ አሸዋ ያለበት ሽማግሌ አልኳቸው። ተከዝ ብለው ‹አይ፣ ባለቤቴ ሞቷል› አሉኝ። እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ አባት?»

ፒክአፑ ውስጥ አደርኩ።

ቅዳሜ። በስድስት ሰዓት ከጠያቂዎች ጋር ተሰለፍኩ። አላስገባም። «ሟቹ መጡ» አለ ለሌላው ዘበኛ፣ ቀስ ብሎ ያለ መስሎት። ሌላው በሳቅ ፈነዳ። ስሜን ነገርኳቸው፣ በስሜ ጥሩኝ አልኳቸው።

እሑድ። ልጄ ዳቦና የውኃ ጠርሙስ ይዛ በአጠገቤ አለፈች። ጠራኋት። እርምጃዋን አልቀየረችም። አልፈጠነችም፣ አልዘገየችም። የሞተ ሰው ድምፅ አይሰማም።

ሰኞ፣ 64ኛ ቀን

ዘበኛው «ሟቹ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ወደ ጥላው ጠጋ ይበሉ» አለኝ። ጠጋ አልኩ። አላረምኩትም።

ይቅርታ የሚባል ነገር በቃል ብቻ አይሆንም። ምን እንደምላት በደብተሩ ጀርባ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ። የጻፍሁት ሁሉ በ«መስመሩ» ይጀምራል።

ረቡዕ፣ 66ኛ ቀን

ዛሬ ዘበኛው ከሩቅ ሲያየኝ አልሳቀም። ከመቀመጫው ተነሣ።

«ወጥተዋል፣ አባት። ዛሬ ጠዋት፣ በጀርባው በር። ልጅቷ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋቻቸው።»

«ወዴት?»

«አድራሻ አላስመዘገቡም።»

«ያ የጨው መኪና ነው የወሰዳቸው?»

«አላየሁም። ባይም አልነግርዎትም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር የላስቲክ ከረጢት አወጣ። «ይሄን ከአልጋው ሥር ትተውት ሄደዋል። ረስተው ነው መሰለኝ። ቢወስዱልኝ ይሻላል፣ እዚህ ይጣላል።»

አንድ ጫማ ነው። የቀኝ። ተረከዙ ወደ ውጭ ያለቀ፣ እሷ እንደምትረግጠው።

አልረሱትም። እሷ የሚበቃትን ይዛ ሄዳለች።

ዕቃ ሲወጣ ይፈረማል አለና መዝገቡን ወደ እኔ ገፋው። ስም የሚለው ላይ ስሜን ጻፍሁ። ቀን የሚለው ላይ ቀኑን ጻፍሁ። ቀጥሎ ያለው ዓምድ «ዝምድና» ይላል።

ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበረ፣ አንዲት ሴትዮ «ኧረ አባት፣ ፈርመው ይውጡልን!» አለች። ዘበኛው «ተዪያቸው» አላት።

«የለም» ብዬ ጻፍሁ፣ ጫማውን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።